ከኡርማል ገደል የወጣችው ቅጠል

በዘንጋር መንግሥት፣ ነፋስ ባልነፈሰበት አንድ ማለዳ፣ ዛፎች ሁሉ ቅጠላቸውን ባንዴ ጣሉ። አልጠወለጉም፣ አልደረቁም፤ እንደ ለመለሙ ወረዱ። ደመና ምድሪቱን ረሳ፤ ምንጮች ነጠፉ፤ የሸለቆው ሕዝብም ጓዙን መጠቅለል ጀመረ። ያን ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ባለ ራእይ ከሱባኤው ወጥቶ ትንቢቱን ተናገረ።

«ከአባቶቻችን በፊት የነበረው የመጀመሪያው ደን በኡርማል ገደል ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተኝቷል። ከእርሱ አንዲት ቅጠል ሕያው ሆና ትወጣለች፤ ስትተከልም ደመናን ትመልሳለች። አለት ግን ባዶ ቦታ አይወድም፤ ቅጠሏ የለቀቀችውን ሥፍራ በሥጋ ለባሽ ይሞላዋል።»

በመላው ዘንጋር የድንጋይ ቅጠል ማንበብ የምትችል ሲራና ብቻ ነበረች፤ ከሸለቆው ጫፍ ብቻዋን የምትኖር ወጣት። አስተማሪ አልነበራትም። አለት እየፈለጠች፣ በውስጡ የታተመውን የቅጠል ጅማት ከጅማት እያስተያየች ራሷን አስተማረች። ሊቃውንቱ መምህርሽ ማን ነው ብለው በንቀት ሲጠይቋት፣ መምህሮቿ ከሞቱ እልፍ ዘመን ቢሆናቸውም ከጠያቂዎቿ ይልቅ ሕይወት እንዳላቸው መለሰችላቸው።

በንግሥት አዝሜራ ፊት ተንበርክካ ማለች። «ንግሥቴ ሆይ፣ ቅጠሏን ሳልይዝ ብመለስ ምድር እግሬን አትቀበለው።» ሰው አያስፈልገኝም ማለት ልማዷ ነበር፤ ሰው የሌለበትን ሸለቆ ማሰብ ግን ትፈራ ነበር። ይህን ለማንም አልነገረችም።

የድንጋይ ፈላጮች ሕግ ጥንታዊ ነው። ሕያው ቅጠል ያለበትን አለት ሁለት ሰው ይከፍተዋል፤ አንዱ አለቱን የሚሰነጥቀውን ሽብልቅ ይይዛል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል። አለቱ የሚወስደው ሽብልቅ ያዡን ነው። ሲራና ሽብልቁን ራሷ ልትይዝ ቆርጣ ነበርና ከንግሥቲቱ የለመነችው መዶሻ የሚያነሣ ክንድ ብቻ ነበር። የተሰጣትም ዶልማር ነው፤ ማዕረጉን በምላሱ ያጣ የጦር አለቃ።

ዶልማር ወሬ አያልቅበትም። ወደ ኡርማል በሚወስደው፣ ወፍ በማይሻገረው የጨው ሜዳ ላይ እንኳ ስለ ፈረሶቹ አመል ሲያወራ ይውል ነበር።

«አንቺ ልጅ፣» አላት አንድ ቀን፣ «ድንጋዩን እንደምታዋይው እኔን ብታዋይኝ ምን ይጎድልብሻል?»

«ድንጋይ ሳይጠየቅ አያወራም።»

«ታዲያ እኔን ጠይቂኛ።»

አልጠየቀችውም። እርሱ ግን ጠየቃት። አለት በውኃ ሲርስ የቅጠሉ ጅማት እንደሚጎላ፣ የማለዳ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ቅርጹ እንደሚነሣ አሳየችው። ሕጉንም ሳትደብቅ ነገረችው። ብዙም ሳይቆይ ዶልማር አንዲት ስባሪ አርሶ፣ ይህች የትናንትናዋ እህት ናት፣ የተለየው ጠርዟ ብቻ ነው አላት። ልክ ነበር። ሲራና ፊቷን አዞረች፤ ያየችውን የሚያይ ሰው ከዚያ በፊት አግኝታ አታውቅም ነበር።

ኡርማልን የሚጠብቀው ጉምዛር ነበር፤ ከአመድ የተፈጠረ፣ የሰው ድምፅ ሲሰማ የሚነቃ ዘንዶ። ስለዚህ ገደሉን አፋቸውን ዘግተው ወጡ። ጎሕ ሲቀድ ሲራና በአለቱ ጎን ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አየች፤ ሽብልቁንም አስገባች። ዶልማር እጁን በእጇ ላይ ጫነ።

«መዶሻውን አንቺ ያዢ» አላት በሹክሹክታ።

«አንተ ምታ ብቻ።»

«ከዚያስ? ቅጠሏን ይዤ ሄድኩ እንበል፤ ጥላ ትወዳለች ወይስ ፀሐይ? በየትኛው አፈር ላኑራት? ሳልሰነብት እገድላታለሁ፤ ሰዉም ይበተናል፤ አንቺም በከንቱ ትቀሪያለሽ።»

ሲራና ሽብልቁን አጥብቃ ያዘች።

«ላስተምርህ እችላለሁ» አለች።

«አስተምረሽኛል እኮ፤ የቀረውን ለመማር ግን ጊዜ የለንም። ምቺ፣ ሲራና። ድምፃችን ቀስቅሶታል፤ አመዱ እየተነሣ ነው።»

ከገደሉ ሥር ጉምዛር እየተጥመለመለ ይወጣ ነበር። ዶልማር ሽብልቁን ጨበጠ። ሲራና ዓይኑን እያየች መዶሻውን አነሣች፣ መታችም።

አለቱ ለሁለት ተከፈተ። ከአንዱ ገጽ ቅጠሏ ለምልማ፣ ሥሯን አስከትላ ተነሣች፤ ትንፋሿ የነካው ጉምዛርም ተራ አመድ ሆኖ በገደሉ ላይ ተበተነ። በሌላው ገጽ ላይ የሰው እጅ ታትሞ ነበር፣ ሽብልቅ እንደ ጨበጠ። ዶልማር አልነበረም።

ቅጠሏ በሸለቆው ተተከለች። ሲራና የምትወደውን ጥላና አፈር እስክታገኝላት ድረስ ከአጠገቧ አልተነሣችም። ደመና ተመለሰ፤ የተጠቀለለው ጓዝ ተፈታ። ንግሥቲቱ በአደባባይ አክሊል ደፋችላት፤ የሊቃውንቱ አለቃ ሲሰግዱላትም ወገባቸው እንዳይቀጭ መከረቻቸውና ሕዝቡ ሳቀ።

ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በደጇ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ ይጨቃጨቃል፤ ሸለቆው በሰው ተሞልቷል። አንድ ማለዳ አዲስ አለት ፈልጣ ውኃ ስትረጭበት፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ቅጠል ጅማቱን እንደ ወንዝ ዘርግቶ ወጣ።

«እስቲ ይህን እየው» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ድንጋዩን ወደ ጎን እያቀበለች።

የሚቀበላት እጅ አልነበረም። ድንጋዩ እስኪከብዳት ድረስ ክንዷን አላጠፈችም።