ከአጎበሩ ውጭ

ይህ ተረት አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ እዋሻለሁ?

ባለፈው ጥቅምት፣ ከወረታ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ፣ በገዛ ቤቴ፣ በቀን ስድስት ሰዓት የሆነ ነው።

ስሜ ሰጠኝ ነው። የልጅ ልጄ ውዳሴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለት ብቻ ነበርን።

ጤና ሠራተኛዋ የሰጠችን አጎበር አንድ ነው። ለውዳሴ ሰቀልሁላት። ሲመሽ ትገባና ጫፉን ከውስጥ ሆና ፍራሹ ሥር ትሸጉጠዋለች።

ለዘር የለየሁትን ሩዝ ወፍ ሊጨርስብኝ ሆነ። አጎበሩን ፈትቼ ሩዙን አለበስሁት።

«አባባ፣ እኔስ?»

«አንቺን ወፍ አይበላሽ።»

ሳቀች...

ባሥራ ሁለተኛው ቀን አተኮሳት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥርሷ ገጠመ። ዓይኗ ተገለበጠ።

ጎረቤቴ ዘመነ አይቷት ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ቡዳ ነው። ያች ሸክላ ሠሪ ናት።»

ማናዬን ማለቱ ነው። ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ሰምታለች።

«አያ ሰጠኝ፣ ወባ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል። ዘንድሮ እስከ አንበሳሜ በዝቷል ተብሎ የለ? ወረታ ይውሰዷት። ባጃጅ ልጥራ?»

«ዞር በይ!» አልኋት። በሩን ዘጋሁ።

ዘመነ ጨርቅ አጢሶ አፍንጫዋ ሥር ያዘ።

«ለፍልፍ! ማን ነህ?»

ጨርቁን ይበልጥ አስጠጋው።

«ማን ነህ?»

አፏ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ የልጅ አልነበረም። ሻካራ ነው... የሽማግሌ። እንደ እኔ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰጠኝ ነኝ።»

ጨርቁ ከዘመነ እጅ ወደቀ።

«ከየት... ከየት አገኘሃት?»

«ከአጎበሩ ውጭ።»

በሩን ከፈትሁ። ማናዬ ባጃጅ አስቁማ ትጠብቃለች። ልጅቱን ከእጄ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛቻት።

ወረታ ሳንደርስ እግሯ ቀዘቀዘ።

«ጧት ብትመጡ ኖሮ...» አለ ሐኪሙ።

ከቀብር መልስ አጎበሩን ከሩዙ ላይ አነሳሁ። አጥቤ ባዶው መኝታዋ ላይ ሰቀልሁት። በየማታው ጫፉን ልቅ እተወዋለሁ።

ሲነጋ ፍራሹ ሥር ተሸጉጦ አገኘዋለሁ... ከውስጥ በኩል።

በአንድ ወገን ብቻ ገለጥ ብሏል።

በእኔ መኝታ በኩል።