የተጣለው ቀንበጥ

በሩን አልፎ እንደገባ አፉ ምራቅ ሞላ። ሃምሳ አለቃ ሙሀመድኑር እንድሪስ በራሱ አፈረ። ፊት ለፊቱ ሬሳ ተቀምጦ እርሱ ምራቁን ይውጣል።

ሟቹ የከብት ነጋዴው ሙሐመድዘይን ነበር። ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ከአፋሮች በሬ እየገዛ ለጦሩ ቀለብ ያቀርብ የነበረ፣ ከሚሴ ውስጥ የማያውቀው የሌለ ሰው ነው። ፍራሹ ላይ ትራስ እንደተደገፈ አንገቱ ዘንበል ብሏል። አንድ ጉንጩ በቅጠል ተወጥሯል። ከጉልበቱ አጠገብ ግማሹ የተፈታ ዙርባ ጫት በኮባ ቅጠል ላይ ተዘርግቷል፤ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ገረባው፣ ቃሚ መርጦ የሚጥለው ትርፍራፊ፣ ተበትኗል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሰግድ ከበስተኋላው። «ጫቱ ተመርዟል። ያመጣው ሻጩ አደም ነው። ባለፈው ገበያ የደረቀ ጫት ሸጥክልኝ፣ አልሸጥኩልህም ተባብለው ሲሰዳደቡ ሕዝብ ሰምቷል። የጦሩን ቀለብ አቅራቢ መግደል ደግሞ ተራ ወንጀል አይደለም። መኪናው ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ ደሴ ይነሳል። ፈርምልኝና ይሂድ።»

«ሰውየውን ልየው መጀመሪያ።»

«እየው። ወይስ አደም ከሄደ የሚያቀርብልህ ታጣለህ?»

ዘመኑ ሰባ አምስት ነው። በእንዲህ ያለ ክስ ወደ ደሴ የተጫነ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁለቱም ያውቃሉ። ስለ ጫቱም ቢሆን ሊቀመንበሩ አልዋሸም። ሃምሳ አለቃው ስሙን ያተረፈባቸውን ምርመራዎች ሁሉ የፈታው መርቅኖ ነበር። አደም ከጨፋ ያመጣለትን ጫት ቅሞ፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ የተበታተነው ነገር ሁሉ በራሱ ጊዜ ይሰካካለታል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ቤቱን አያውቅም፤ ደመወዙም ልጁም ይረሳሉ። ባለቤቱ ሀዲጃ ልጅቷን ይዛ ጨፋ ሮቢት አባቷ ቤት ስትገባ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጉንጭህ ባዶ ሲሆን ላክብኝ።»

ከረመዳን ወዲህ ባዶ ነው። ጭንቅላቱም አብሮ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፉን ዱካክ የሚሉት የጫት ቅዠት ይረብሸዋል። በአደም ደጅ ላለማለፍ በቦርከና ወንዝ በኩል ዞሮ ነው ቢሮ የሚገባው። አሁን ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት፦ ብፈርም አደም ይሄዳል፣ መንገዱም ይከፈትልኛል።

ሐሳቡን እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ተንበረከከ።

የሟቹን አፍ በቀስታ ከፈተ። ጉንጩ ውስጥ የታጨቀው ቅጠል አልደቀቀም፤ እንደ ተቀጠፈ ሙሉውን ነበር። ምላሱ ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። የላይኛውን ከንፈር ገልበጥ ሲያደርገው ከውስጥ በኩል በገዛ ጥርሱ ተሰንጥቋል። ከዚያ የተደገፈበትን ትራስ አወጣና ገለበጠው። በወዲያኛው ፊት ላይ ምራቅና ትንሽ ደም ደርቆበታል።

ለረጅም ጊዜ ምንጣፉን ሲያይ ቆየ። አፉ እንደገና ምራቅ ሞላ። በዚህን ጊዜ ግን አላፈረም፤ ግራ ገባው። ሀራራ የያዘው ሰው ጫት ሲያይ ይጎመጃል። እርሱ ግን የጎመጀው ዙርባውን አይቶ አይደለም፤ ገረባውን አይቶ ነው። ገረባ ደግሞ ማንንም አያስጎመጅም።

ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ። አነሳሱ ቀስ ያለ ነበር፣ ወደ አፍንጫውም ተጠጋ። ከዚያ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

የሟቹ ሚስት ዘይና ጓዳ ውስጥ በሴቶች ተከብባ ተቀምጣለች።

«አላህ ይዘንለት፣ ዘይና። ሰብር አድርጊ። ጫቱን ማን ተቀበለ?»

«እኔ። አደም እንደ ልማዱ በአጥር ላይ አቀበለኝ፤ ግቢ ገብቶ አያውቅም። እዚያው ክፍል አኖርኩትና ገበያ ወጣሁ። ሙሐመድዘይን ጋደም ብሎ ነበር። በሩንም ከውጭ አስሬዋለሁ።»

«የበሩን ገመድ አፈታት ማን ያውቃል?»

«የቤቱ ሰውና ጓደኛው ሸህ ሙሄ። ሌላ ቢነካው ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።»

«ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ይቅም ነበር?»

«ወላሂ፣ ከዙህር በፊት ቅጠል ባፉ ዞሮ አያውቅም! እኔም ዛሬ ምን ነካው እያልኩ ነው።»

«አንቺስ ትቅሚያለሽ?»

«ዱዓ ሲኖር ከሴቶቹ ጋር። እንዳንተ ግን አይደለም» አለች፤ ወዲያው አፏን በሻሿ ያዘች።

«ልክ ነሽ። ሸረፈዲንስ?»

ሸረፈዲን የሟቹ የአባት ልጅ ነው። አስመራ እናቱ ዘንድ አድጎ፣ በቅርቡ ነው ወንድሙ ቤት የተጠጋው።

«እርሱ እንግዳ ሲመጣ አይቀመጥም፤ ዓይነ አፋር ነው። ድርሻውን ወደ ክፍሉ እንልክለታለን፣ ለብቻው ይቅማል። ዛሬ ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል።»

ሸህ ሙሄ በረንዳው ላይ ትንሽዬ ሙቀጫቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የሟቹ የዘወትር የበርጫ፣ አብሮ የመቃሚያ፣ ጓደኛ ነበሩ።

«አካም ነጋ፣ ሸህ ሙሄ? ጠዋት የት ነበሩ?»

«ነጋ፣ ነጋ። መስጊድ ነበርኩ። ጀማው ሁሉ አይቶኛል፤ አላህም አይቶኛል፣ እርሱን ግን ቢሮህ አትጠራውም።»

«ሙቀጫው ምንድን ነው?»

«ጥርስ የት አለኝ? ወቅጬ ነው የምቅመው። አንተም ትደርስበታለህ፣ ከተውከው ጋር ከታረቅህ።» ከሐዘናቸው መሐል ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ሞላ። «ለጋ ለጋውን እየመረጠ የሚያቀብለኝ እርሱ ነበር።»

ሸረፈዲን ከጓሮ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«ጠዋት አስፋልቱ ላይ ነበርኩ፤ ኬላው አጠገብ። ጭነት የሚያራግፍ ይፈልጉ እንደሆነ ብዬ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ዘይና እስክትጮህ።»

«ከወንድምህ ጋር ፍቅር ነበራችሁ?»

«ከአንድ ዙርባ ነው የምንቅመው፣ ሃምሳ አለቃ። ከዚህ በላይ ምን ፍቅር አለ?»

ሙሀመድኑር የሸረፈዲንን እጆች አየ። ጠንካራ እጆች ናቸው።

ሬሳው ለመታጠብ ወደ ጓዳ ከገባ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። አደምም እጁ እንደ ታሰረ መጣ። ቀብሩ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት፣ እንዲደርስ የሚቸኩሉ ሰዎች ደጁን ሞልተውታል። ጓድ አሰግድ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል።

«ይህ ጫት መርዝ የለበትም» አለ ሙሀመድኑር የተረፈውን ዙርባ መሐል ላይ አኑሮ።

«እንግዲያውስ ቅመህ አሳየን» አለ ሊቀመንበሩ። «ለአንተ ችግር አይደለም መቼም።»

ሙሀመድኑር አንድ ቀንበጥ መዘዘ። ቀላ ያለ፣ ጠዋት የተቀጠፈ፣ ጤዛው ገና ያልለቀቀው የሚመስል ለጋ ነበር። ከቃመው አደም ይድናል፤ ለመቃም ከዚህ የበለጠ የሚያምር ሰበብ አልነበረም። እጁ ወደ አፉ መንገድ ጀመረ።

«ተው!» አለ አደም። የታሰሩትን እጆቹን ዘርግቶ ቀንበጡን ከጣቶቹ መሐል ቀማው። «አንተ አይደለህም። ጫቱ የእኔ ነው፣ ነፍሱም የእኔ።» አፉ ከተተና ዓይኑን ቁልጭ ቁልጭ እያደረገ ያኝከው ጀመር። «ማሻአላህ። ይህን ነው የደረቀ ያለኝ፣ አላህ ይማረውና።»

ማንም አልሳቀም፤ ሸህ ሙሄ ብቻ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ሃምሳ አለቃው ዙርባውን በእጁ አመለከተ። «ሸረፈዲን፣ የቤቱ ወንድ አሁን አንተ ነህ። አደም እንደሆነ አልሞተም። ለሸህ ሙሄ ወንድምህ እንደሚያደርገው መርጠህ አቀብላቸው።»

ሸረፈዲን ትንሽ አመነታ። ከዚያ ዙርባውን ሳበና ትልልቆቹን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች ከግንዱ እየሸመጠጠ መዳፉን ሞላ። ቀያዮቹን ጫፎች ከነእንጨታቸው ምንጣፉ ላይ ጣላቸው። መዳፉን ለሽማግሌው ዘረጋ።

«ኩን ማሊ? ይህ ምንድን ነው?» ሸህ ሙሄ ወደ ኋላ ሸሹ። «የፍየል ቀለብ ታቀብለኛለህ? ያ ረቢ! ለጋውን መሬት ጥሎ ኮሽታውን ቅጠል ለሰው!»

«ልክ ነዎት» አለ ሙሀመድኑር። መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ፈታው። ውስጡ ተመሳሳይ ቀይ ቀንበጥ ነበር። «ይህን ከሟቹ እግር ሥር ነው ያነሳሁት። ስገባ ገረባውን አይቼ ጎመጀሁ። ብዙ ቆይቶ ነው ምክንያቱ የገባኝ። መሬት ላይ የተጣለው ገረባ አልነበረም፤ ምርጡ ነበር። ጉንጩ ውስጥ የታጨቀው ደግሞ እኛ የምንጥለው ቅጠል ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ጓድ አሰግድ፤ መንጎራደዱን ግን አቁሟል።

«ቅጠሉ አልታኘከም፣ ምላሱም አልነካውም። ያልዋጠው ጫት አይገድለውም። የገደለው ይህ ነው።» ትራሱን ገለበጠ። ዘይና ፊቷን አዞረች። «እንደተኛ አፍነውታል፤ ከንፈሩ በጥርሱ ተሰንጥቋል። ከዚያ አደም ያመጣውን ጫት ጉንጩ ውስጥ አጨቁበት፣ ስድቡን ሕዝብ ስለሰማ ማንም አይጠራጠርም ብለው። ግን ከዙህር በፊት እንደማይቅም አላሰቡም። ከሁሉ በላይ፣ ያጨቀው ሰው ጫት ቅሞ አያውቅም፤ የበሩን ገመድ አፈታት ግን ያውቃል። አደም ጫት ያውቃል፣ ግቢውም አይገባም። ሸህ ሙሄ ያውቃሉ። ዘይና ታውቃለች። ጓድ አሰግድ አይቅምም፤ እርሱ ግን ጠዋቱን ሙሉ ስብሰባ ሲመራ እኔ ራሴ ፊት ለፊቱ ሳንጎላጅ ነበር።»

ዞር ብሎ ሸረፈዲንን አየው።

«አንተ ከእንግዳ ተሸሽገህ ክፍልህ ትገባለህ። ከአንድ ሽማግሌ የሚሸሸግ ሰው ግን ወታደር በሚፈተሽበት ኬላ ጠዋቱን ሙሉ ቆምኩ ይለኛል። የሚላክልህን ድርሻ የት ታደርገው ነበር?»

«ለፍየሎቹ» አለ ሸረፈዲን። መዳፉ ውስጥ ያለውን ቅጠል አላፈሰሰውም። «እምቢ ብል እንግዳነቴን ይቆጥሩታል፣ ከየት መጣህ ይሉኛል።»

«ከየት መጣህ?»

«ከግንባር።»

ጓድ አሰግድ ወደ በሩ ዞረ፤ ጠባቂውን በዓይኑ ጠራ።

«የወንድሜ ልጅ እዚያው ቀረ» አለ ሸረፈዲን፣ ለዘይና እንደሚነግራት። «መርዶው ከመጣ ወዲህ ፊቴን ባየ ቁጥር ልጁን ነበር የሚያየው። ዛሬ ጠዋት ሰልችቶኛል አለኝ። ‹ከዙህር በኋላ ለቀበሌ እነግራለሁ፤ አንተ ከዚያ መጥተህ እርሱ የማይመጣበት ምክንያት የለም› አለኝ። ጭኖ ከሚመልሰኝ… ሲተኛ ጠብቄ ተመለስኩ።»

ዘይና አልጮኸችም። «ልጄ ሞቶብኝ ለአንተ እራት አቀርብ ነበር» አለች ብቻ።

መኪናው በሰዓቱ ተነሳ። አደም ሊጫን በነበረበት ቦታ ሸረፈዲን ተጫነ። ሙሀመድኑር ፈረመ። የከዳ ወታደርን ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ነፍሰ ገዳይንም እንደዚሁ። እውነቱን አግኝቷል፣ ያለ ምርቃና፣ በራሱ ራስ። ደስታ ግን አልመጣም። የመጣው ድካም ነው፤ አጥንት ድረስ የሚገባ ድካም።

ከቀብር ሲመለሱ አደም ከኋላው ሮጦ ደረሰበት። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

«ሃምሳ አለቃ! ነፍሴን ነው የመለስክልኝ። ሌላ የምሰጥህ የለኝም። ይህ የጨፋው ምርጥ ነው፣ ለማንም አልሸጠውም።»

ሙሀመድኑር ተቀበለው። ኮባው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ሽታውን ሳያስበው ወደ ውስጥ ሳበ። ለትንሽ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ከዚያ ጥቅሉን መልሶ አደም እቅፍ ውስጥ አስቀመጠው።

«ልታመሰግነኝ ትፈልጋለህ?»

«ወላሂ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አትሽጥልኝ። ብለምንህም፣ ብቆጣህም፣ ብከፍልህም።»

አደም ጥቅሉን፣ ከዚያ ሰውየውን አየ።

«ነገ ብትመጣስ?»

«ነገ እመጣለሁ» አለ ሙሀመድኑር። «ለዚያ ነው ዛሬ የምነግርህ።»

ከዚያ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ጨፋ ሮቢት የሚሄድ መኪና ይጠብቅ ጀመር። ጉንጩ ባዶ ነበር።