አራተኛው ብሎን

ይሄ ነገር ሆኗል። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ከራሱ ከባለታሪኩ አፍ ነው የሰማሁት። 

ሰውየው ወንድይራድ ይባላል። ቦታው ለንደን፣ ቶተንሃም፣ ካንድ አሮጌ ቤት ሥር ያለች ጠባብ ፍላት ናት። ጊዜው ዲሴምበር 2010፣ ያ በረዶ ከተማውን ቀጥ ያደረገበት ዓመት።

ሚስቱ ሰናይት ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ሴት ልጅ። ቃልኪዳን አሏት። ስምንት ዓመት ሙሉ ተለምና የመጣች ልጅ ናት፤ እንግዲህ የሰውየውን ጭንቀት ገምቱት። በዚያ ሰሞን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር...

እናትና ልጅን ብርድ እንዳይነካቸው።

በበሩ ሥር አንዲት በራሪ ወረቀት ተጥላ አገኘ። ቤትዎን ለብርዱ ያዘጋጁ ትላለች። ወንድይራድ ደግሞ የጀመረውን ሳይጨርስ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ቧንቧዎቹን በስፖንጅ ጠቀለለ። ከየሂተሩ የታመቀውን አየር አስወጣ። የውኃው ዋና መዝጊያ የት እንዳለ ለሰናይት አሳያት። ቧንቧው በረዶ ሠርቶ እንዳይፈነዳም ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ቦይለር ሌት ተቀን እንዲሠራ አደረገ።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦይለሩን በባለሙያ ቼክ ማስደረግ።

አከራዩን፣ ላንድሎርዱን፣ ጠየቀው። «የሚቀጥለው ሳምንት» አለው። በቃ፣ የሚቀጥለው ሳምንት!

ቦይለሩ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። አራሷም ሂተሩ ስለሚሞቅላት እዚያው ሳሎን ነው የምትተኛው። ከቦይለሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ መጽሐፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። ወደ ውጭ ነው የምትወጣው። ብርዱ በሷ ይገባል።

ቀዳዳዋን መጀመሪያ ያዩት እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል በባስ እየተመላለሱ አራሷን የሚያርሷት እሳቸው ነበሩ።

«ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የአየር መግቢያ ናት መሰለኝ፣ እትዬ።»

«አራስ ቤት የምን አየር ነው! ድፈናት እንጂ ልጄ!»

ደፈናት። በሰናይት አረንጓዴ ሻሽ ጥቅጥቅ አድርጎ ወተፋት።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣ። ቤቱ ቀዝቅዟል...

ሻሹ የመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። አራት እጥፍ ሆኖ ታጥፎ።

«ሰኒ፣ አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«ምኑን?»

«ሻሹን ነዋ።»

«ኧረ እኔ እንኳን ልነሣ አልተገላበጥኩም።»

ረስቶት ይሆናል ብሎ መልሶ ወተፈው። ማታ ሰናይት ራሷን አመማት፣ አቅለሸለሻት። እትዬ ሸዋረጋ «ምች ነው፣ ብርድ ገብቷታል» አሉና ሌላ ብርድ ልብስ ደረቡላት።

ጠዋት አንድ ሰዓት... ሻሹ ደፉ ላይ ነው። አራት እጥፍ። ጠርዙ ከጠርዙ ልክክ ብሎ፣ ካውያ የወጣ ይመስላል።

በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ቁልፉ ወንድይራድ ኪስ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ በቢላ ጀርባ እየገፋ እስከ ውስጥ ድረስ ወተፈው። ያም አልበጀም። በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ሌላ ነገር አየ። ደፉ ላይ ስስ አቧራ አለ፤ ሻሹ አቧራው ላይ ተቀምጧል፤ የእጅ ዱካ ግን የለም። የማንም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሻሹ ወጥቶ ባደረባቸው ጠዋቶች ሰናይት ደህና ሆና ነበር የምትነሣው። ትስቅ ነበር። ምግብ ትጠይቅ ነበር። ግን በዚያ ፍርሃት መሀል ይሄን ማን ልብ ይበለው!

አንድ ሌሊት «ወንዴ...» አለችው ሰናይት ጆሮው ሥር።

«ወይ?»

«ሰው ይተነፍሳል።»

«የት?»

«እዚያ... ከቀዳዳው በኩል። ሮጦ እንደመጣ ሰው።»

ወንድይራድ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። እኔ ብሆን ቤቱን ጥዬ እወጣ ነበር። እሱ ግን እስትንፋሱን ውጦ አዳመጠ...

ኸኸ... ኸኸ... ኸኸ...

ለእትዬ ሸዋረጋ ሲነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አራስ ብቻዋን አትተውም የምላችሁ ለዚህ ነው» አሉ። «ሕፃኗም ገና ክርስትና አልተነሣች። ብረት አድርግበት። ብረት ይፈራሉ።»

«እነማን ናቸው የሚፈሩት?»

አማተቡ።

ያንኑ ቀን ወፍራም ብረት አመጣ። ሻሹን ከውስጥ ወትፎ ብረቱን በላዩ ገጠመ። አራት ማዕዘኑን በአራት ብሎን አጠበቀ፤ አየር እንዳያሳልፍም ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባ። ካቻቢቴውንም ከሥራ ቦርሳው ከተተው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት... ምንም የለም። ብረቱ በቦታው ነው። ደፉ ባዶ ነው።

ተገላገልን ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሰናይት ራሷን ይዛ ብታቃስትም ጉንጯ ቀላ ብሏል። እትዬ ሸዋረጋም አይተው፣ «እሰይ! አራስነቱ ተስማማት» አሉ።

አይ እትዬ ሸዋረጋ! አይ የኛ ነገር!

ደግሞ ነጋ። በረዶው ጉልበት ደርሷል። ባስ ቆሟል። እትዬ ሸዋረጋ መምጣት እንደማይችሉ ደወሉ። ወንድይራድም ከመጋዘን ሥራው ከቀረ የሚባረርበት ሰሞን ነበር። ሰናይት ትራስ ሥር መቀስ አኖረ፣ ልጁን ሳመ፣ ቦይለሩን ከፍ አደረገና ወጣ።

ቀን ስድስት ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ።

«ወንዴ...» ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። «መጥተሃል እንዴ?»

«ኧረ ሥራ ነኝ። ምነው?»





«ሰው አለ እዚህ። ብረቱን... እየፈታው ነው።»

ወንድይራድ ስልኩን ወደ ጆሮው ጠጋ አደረገ። በስልኩ ውስጥ ይሰማዋል። ጪር... ጪር... ጪር... የብሎን ድምፅ ነው። የሚፈታው ሰው ቸኩሏል።

«ማነው? ይታይሻል?»

«አይታየኝም... አየር አጠረኝ፣ ወንዴ። መስኮቱን ልክፈተው?»

 ወንድይራድ የመለሰላትን ቃል በቃል ነው የነገረኝ።

«እንዳትከፍቺ! ብርዱ ልጅቷን ይገልብሻል። መቀሱን ያዢና ተኚ። መጣሁ።»

«እሺ» አለች።

መጨረሻዋ እሱ ነው። እሺ።

ሥራውን ጥሎ ሮጠ። ባቡሩ ዘገየ። ከጣቢያው ወዲህ በበረዶው ላይ እየወደቀ እየተነሣ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፈተ።

ቤቱ ሞቋል። ደስ የሚል ሙቀት ነው... ሰናይት ልጇን አቅፋ ተኝታለች። ሁለቱም ጉንጫቸው ቀላ፣ ወዛ ብሏል። እፎይ አለ። ተስማምቷቸዋል አለ። እንዳይቀሰቅሳቸው ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። አስቡት እንግዲህ... ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ ነው ደፉን ያየው።

ሻሹ እዚያ ነበር። አራት እጥፍ። በላዩ ሦስት ብሎን ተደርድሯል።

ሻሹ ግን ከብረቱ ኋላ ነበር የተወተፈው። ብረቱም አልተነቀለም። አራተኛው ብሎን ከሲሊኮኑ ጋር ጨምድዶ ይዞታል። የብሎኑ ጭንቅላት ዙሪያውን ተፋፍቋል፤ አንድ ነገር ሲታገለው ቆይቶ አቅቶታል። ካቻቢቴው ደግሞ ወንድይራድ ትከሻ ላይ፣ ቦርሳው ውስጥ ነው።

ሊቀሰቅሳቸው ዞረ...

የቦይለሩ ጭስ ነው የጨረሳቸው። የማይታይ፣ የማይሸት ጭስ። የመጣው የጋዝ ባለሙያ ብረቱን ከነአራተኛው ብሎኑ ነቀለና ለፖሊስ ሰጠው። ሻሹንም ወሰዱት። ባለሙያው ወንድይራድን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «ይህቺ ቀዳዳ ክፍት ብትሆን...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ሊገድለን የመጣ መስሎኝ ነበር» አለኝ ወንድይራድ። «ያን ሁሉ ቀን ሊያተርፈን ነበር ለካ የሚለፋው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው። በእጄ። በአራት ብሎን።»

 

አሁን የሚኖረው እዚያው ለንደን፣ ስትሪትሃም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻውን። ጋዝ የሚባል ነገር የለም፣ ሂተሩ በኤሌክትሪክ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ የለችም። መርጦ ነው የተከራየው።

ባለፈው ሰሞን ብርዱ ሲጀምር ማታ መስኮቱን ቆልፎ ተኛ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብርድ ቀሰቀሰው።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል...

ደፉ ላይ የሰናይት አረንጓዴ ሻሽ ነበር። አራት እጥፍ።

በላዩ አንድ ብሎን ተቀምጧል። ጭንቅላቱ የተፋፋቀ ነው። ጥርሱ ውስጥ የደረቀ ሲሊኮን አለበት።