አሮጌው ቦርድ የት ሄደ?

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ዋላስ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ።

ብሪን ሳታየው አወቀችው። ከስክሪኑ ግርጌ፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ ዊንዶውሱ ፈቃድ እንደሌለውና አክቲቬት መደረግ እንዳለበት የሚናገር ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ተለጥፏል። ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ አልነበረም። ወይም ነበረ፣ እሷ ግን በደስታ ብዛት ልብ አላለችውም።

«ምንም አይደል አጎቴ። ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ ስለተቀየረ ሌላ ኮምፒውተር መስሎት ነው።»

«እኔ እኮ ከነሣጥኑ ከሱቅ የገዛሁት ነው! በገዛ ቤቴ ሌባ ነህ ይለኛል እንዴ?»

ዋላስ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ኤሌክትሪክ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በተንደር ቤይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ዕቃ በነጻ የሚጠገንበትን ዝግጅት የሚመራው እሱ ነው። እዚያ የራስ መጠገኛ ጠረጴዛ ማግኘት ቀላል አይደለም። ብሪን እንኳ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ብሎን ስታቀብልና ገመድ ስትጠቀልል ቆይታ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ገና ነገ ሊሰጣት ነው። የዋላስ ኮምፒውተር ፈተናዋ ነበር። «ፎቶ ስከፍት እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል፤ አፍጥኚልኝ» ብሏት ማዘርቦርዱን ቀይራ አፍጥናለታለች።

እዚያ ምድር ቤት ደግሞ አንድ ደንብ አለ። የጠገነ ሰው ለባለ ዕቃው ሦስት ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል። ምን ወጣ፣ ምን ገባ፣ አሮጌው የት ሄደ። አሮጌው ቢቃጠልም ቢሰበርም የባለቤቱ ነውና፣ ስሙ በተጻፈበት የወረቀት ከረጢት ተደርጎ እጁ ላይ ይቀመጥለታል። ዋላስ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። «ያልተነገረ ሥራ አላለቀም» ይላል፣ የሻይ ማፍያ እንኳ ቢሆን።

ብሪን ሁለቱን በትክክል ተናግራለች። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን «አሮጌው ሞቷል፤ ጣልኩት» አለችው።

አልሞተም ነበር። እንዲያውም ደህና ነበር፤ ለዋላስ ፎቶዎች ነው ያልቻለው። የእሷ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ግን ከገና ጀምሮ ተቃጥሎ፣ የቤት ሥራዋን በእናቷ ስልክ ላይ ዓይኗን እያጨናበሰች ነበር የምትሠራው። መቼስ ቦርዱ ምን ያደርግለታል፣ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቤቷ ወስዳ ስትገጥመውና ስታበራው ዊንዶውሱ ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቃት ብድግ አለ። በደስታ ዘለለች። ሞኝ! ፈቃዱ በዚያ ቦርድ ጀርባ ታዝሎ እቤቷ ድረስ እንደመጣ ያኔ የት ገብቷት!

አሁን ግን ገባት።

«ለዊንዶውሱ ድርጅት እንደውልና እንንገራቸው» አለ ዋላስ። «ሰው ሰውን ቢያናግር ነው የሚሻለው። ቁጥሩ የት ነበር?»

እሱ ቁጥሩን ሲፈልግ ብሪን ወደ መግቢያው ወጣች። ጓደኛዋ ኦዴል የዋላስን ደጅ በረዶ ጠርጎ መግባቱ ነው። ጫማው ቢወልቅም የአንድ እግሩ ካልሲ ርሶ ወለሉ ላይ ውሃ ይተዋል። ዋላስ በበረዶው ፋንታ የሰጠውን ሮዝ ቅባት ያለው ጣፋጭ ዳቦ አፉ ሙሉ ጎርሷል። ብሪን ኮምፒውተሯን ያበራች ቀን አብሯት ስለነበር ሁሉንም ያውቃል።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ነጥቶ የለ እንዴ!»

ነገረችው።

«አቦ፣ ለዚህ ነው?» ሳቀባት። «አንዲት ፋይል አለችኝ። ጠቅ ታደርጊያታለሽ፣ ጽሑፉ ድራሹ ይጠፋል።»

«እሱ ኮምፒውተር ላይ የተሰረቀ ነገር? ምን ቆርጦኝ!»

«እንግዲያው ይደወል። በስንት ኮምፒውተር ላይ ነው ይላሉ፤ በአንድ ትያለሽ፤ በቃ። ወንድሜም እንደዚያ ብሎ ነው ያለፈው።»

«ግን ሁለት ነው።»

«ጀለስ፣ ማን ይቆጥራል? ፋራ አትሁኚ እንጂ። ጠረጴዛሽ ነገ ነው።»

ጠረጴዛዋ ነገ ነው። ዋላስ የስሟን ካርድ በሰማያዊ ማርከር ጽፎ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፎታል። ከቆመችበት ይታያታል።

«ብሪን!» ተጣራ ዋላስ። «መስመሩ ተገኘ፤ ነይ፣ ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ!»

ስልኩ ከሻይ ኩባያው አጠገብ ተጋድሟል። ማርሴላ እባላለሁ ያለች፣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ የዋለች የምትመስል ሴት፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ረጅም ቁጥር እንዲያነቡላት ጠየቀች። ብሪን አነበበች። ድምፅዋ ሁለት ቦታ ላይ ሻከረባት።

«አመሰግናለሁ» አለች ማርሴላ። «ከሱቅ በሣጥን የተገዛ ስለሆነ ወደ አዲሱ ቦርድ ማዛወር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። በአሁኑ ሰዓት በስንት ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው?»

«በአንድ!» አለ ዋላስ። «በዚሁ።»

«አሮጌው ቦርድስ የት ሄደ?»

«ሞቷል፤ ተጥሏል» አለ ሙሉ እምነት ባለው ድምፅ። እጁንም ብሪን ትከሻ ላይ ጣለ። «የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው። ነገ የራሷ ጠረጴዛ ይኖራታል፤ ስምሽ ማን ነበር፣ ማርሴላ፣ የተበላሸ ነገር ካለሽ ይዘሽ ነይ!»

ማርሴላ ሳቀች። የቁልፍ ድምፅ ይሰማል፤ እየጻፈች ነው።

ብሪን ፊቷ ጋለ። ዋላስ የሻይ ማፍያ ገመድ ላይ እንኳ የማይዋሽ ሰው ነው። አሁን ግን ለማያውቃት ሴት ውሸት ነገራት፤ ያውም ኮርቶ፤ ያውም የብሪንን ውሸት፣ እውነት መስሎት። ከበሩ ኦዴል አውራ ጣቱን አነሣላት። ዝም ብትል ያልቃል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ አንዴ ተብሏል፣ ይለፍ።

የቁልፉ ድምፅ ቆመ። «እሺ፣ አሁን ልጨርስላችሁ ነው…»

«ቆዪ» አለች ብሪን። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ቆዪ።»

ዋላስ ዞሮ አያት። ፊቱን ማየት ስላልቻለች የሻይ ኩባያውን እያየች ተናገረች።

«የወጣው ማዘርቦርድ ነው። የገባውም አዲስ ማዘርቦርድ ነው። አሮጌው… አሮጌው አልሞተም። እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ሲወጣም ይሠራ ነበር፤ አሁንም ይሠራል።»

የዋላስ እጅ ከትከሻዋ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፤ ብሪንን የጎዳትም ያ ቀስታው ነው። ኦዴል ማኘኩን አቆመ።

«ገባኝ» አለች ማርሴላ። «ፈቃዱን ወደዚህ አዛውረዋለሁ። ያኛው ኮምፒውተር ግን ከእንግዲህ በዚህ ፈቃድ መሥራት የለበትም። ትስማማላችሁ?»

«እሷን ጠይቂያት» አለ ዋላስ።

«እስማማለሁ» አለች ብሪን።

ጽሑፉ ከስክሪኑ ጥግ ጠፋ። ማንም ደስ አላለውም። ዋላስ ማርሴላን አመስግኖ ስልኩን ዘጋና የቀዘቀዘ ሻዩን አንሥቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ!» አለ። ቀጥሎም ወደ መስኮቱ፣ በረዶ ወደ ሸፈነው ሐይቅ ዞረ። ስለ ነገው ምንም አላለም። እሷም አልጠየቀችም። ካርዱ አሁንም ፍሪጁ ላይ አለ፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ ግን ብሪን አላወቀችም።

ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች፤ ከመሣሪያ ሣጥኑ ካቻቢቴውን ወሰደች። ኦዴል ቦት ጫማዋን አቀበላትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ወዴት ነው?» አላት።

«ቤት። ቦርዱን ልፈታ።»

«ታዲያ የአንቺ ኮምፒውተርስ?»

«ይቅራ። በእናቴ ስልክ እሠራለሁ።»

«አብደሻል አንቺ ልጅ» አለ ኦዴል፤ ግን ጃኬቱን አንሥቶ ተከተላት።

በሩ አጠገብ፣ ለነገ የተደረደሩ ባዶ የወረቀት ከረጢቶች ነበሩ። ብሪን ከላይ ያለውን አነሣች። ማርከሩን በጥርሷ ከፈተችና ዋላስ ብላ ጻፈችበት። ከረጢቱን እርጥበት እንዳይነካው ካፖርቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ በረዶው ወጣች።