ያላላበው አሞሌ

ዶክተር ያረጋል ከሃይፋ ወደብ በላይ ባለችው የኤግዚቢሽን ክፍል ወለሉ ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የተመታበት ነገር ግን የለም። መደርደሪያው ላይ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ገበያ በገንዘብነት ይዞር የነበረው ዓይነት ስድስት አሞሌ ጨው ተደርድሯል። መርማሪ ካሳው ሬሳ ባየ ቁጥር ሱዳን በረሃ ላይ የቀረው ወንድሙ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል፤ ዛሬም እንደዚያው ሆነ።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሟች ሚስት ድንቄ፣ ረዳቱ ደረሰና የደረሰ አባት አባ ብሩ።

«ትናንት ከደረሰ ጋር ተጣልተዋል» አለች ድንቄ እያነባች። «ባለቤቴ አንዱን አሞሌ ሰብሮ ከየትኛው የጨው ሜዳ እንደመጣ ሊመረምር ነበር።»

«የማንን አሞሌ?» አለ ካሳው።

«የእናቴን!» አለ ደረሰ። «ከጎንደር አዝላው ወጥታ ሱዳን ላይ ሞተች። አሞሌ ከተሰበረ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የወጥ ጨው ይሆናል፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ቤሰደር፣ እሺ፣ ጮኼበታለሁ። ግን አልገደልኩትም!»

ፖሊስ ሲቸኩል የሚይዘው ቅርቡን ነው፤ ካቴናው ለደረሰ ተዘጋጅቷል። አባ ብሩ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ጥርቅም አድርገው አቀርቅረዋል።

«አንቱስ ምን ያውቃሉ?»

«ምንም፣ ልጄ።»

ካሳው አሞሌዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። በጥር ዝናብና በባሕሩ እርጥበት አምስቱ አልቧቸዋል። ስድስተኛው ደረቅ ነው። ጣቱን ቀመሰ፤ ጨው ጨው አይልም። ሦስቱንም ባለቁልፎች አጠገቡ ሰበሰበ።

«ይኼ ጀሶ ነው። ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ ደረሰ። «ልጆች እንዲነኩት ብዬ። ሳጥን ውስጥ ነበር።»

«እንግዲህ ገዳዩ በእውነተኛው አሞሌ መታው፤ ቦታው ባዶ እንዳይታይ ጀሶውን ተካ። ግን ቧንቧው እዚሁ ነው። ውሃ ቢለቅበት ቀልጦ ይጠፋለት ነበር፤ ለምን አላቀለጠውም? ድንቄ፣ አንቺ ብትሆኚ ታቀልጪው ነበር፤ ላንቺ ጨው ነው። ማቅለጥ የማይሆንላቸው አባትና ልጅ ናቸው። ደረሰን ፈትሸነዋል፣ ቤታቸውንም ፈትሸናል፤ የለም። ሽማግሌ አይፈተሽም ብለን ግን አንድ ሰው አለፍን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባ፣ ጋቢዎን ይግለጡልኝ።»

አሞሌው በሴት ሻሽ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነበር፤ ጫፉ በደም ጠቁሯል።

«ዶክተሩ ሊቆርጣት መጋዝ አሳረፈባት። እሷኑ ነጥቄ መታሁት» አሉ። «ሚስቴ ዘነቡ መቃብር እንኳ የላት። የቀረችኝ በዚች ነው።»

«አባዬ፣ እኔን ሊወስዱኝ ነበር እኮ» አለ ደረሰ።

«አውቃለሁ።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አነሱ። «አንተ ከእስር ትመለሳለህ፤ እሷን ከወሰዷት ግን አትመለስም ብዬ ነው።»

ደረሰ አሞሌውን ከአባቱ እጅ ወሰደ። ቧንቧውን አየ፤ አባቱን አየ። ከዚያ ለካሳው ዘረጋለት።

«ቀስ ብለህ ያዛት» አለው።