የአሥራ አራት ቀን ፖስታ

መጀመሪያ ያየችው ዕለት ተቆጣችው። ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። በእጁ ባንጠለጠለው ፌስታል ውስጥ ሦስት ቀን ጫካ ዞሮ የለቀማቸው እንጉዳዮች ታፍነው ቀልጠዋል።

«እንጉዳይ በፌስታል ይታፈናል? በወረቀት ነው እንጂ የሚጠቀለለው! ማነው አንተን ጫካ የላከህ?»

«ማንም። በራሴ ነው የሄድኩት» አለና ሳቀ። «የሚቆጣኝ ሰው ካገኘሁ ግን ደግሜ እሄዳለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጭቃው» አለችው፤ እሱም «እመቤት ፍሪዘር» አላት።

በምርምር መሥሪያ ቤቱ የደረቁ እንጉዳዮች ክፍል ኃላፊነቱ የእሷ ነበር። የአገሩን እንጉዳይ ሁሉ፣ የበቀለበትን ግንድና አፈር ሳይቀር፣ በካርድ ትመዘግባለች። ክፍሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ ከጫካ የመጣ የእንጉዳይ ፖስታ ሳይከፈት አሥራ አራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። አንዲት ነቀዝ አብራ ከገባች የሃያ ዓመት ልፋት ዱቄት ይሆናል። ሕጉን በራሷ እጅ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች።

ጭቃው ተማረ። የመሥሪያ ቤቱ ሰብሳቢ ሆኖ፣ እንጉዳዩን በወረቀት እየጠቀለለ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። የእንጉዳይ ባርኔጣ ቆርጦ ወረቀት ላይ ደፍቶ በብርጭቆ መክደንን ያስተማረችው እሷ ናት። በማግስቱ ብርጭቆውን አብረው አነሱ። ከባርኔጣው የረገፈው ብናኝ ወረቀቱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ተስሏል። ሁለቱም ትንፋሻቸው እንዳይበትነው አፋቸውን ይዘው፣ ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው አጎንብሰው ቆዩ።

«አየሽ፣ አፍ የሌለውም ይጽፋል» አላት ቀስ ብሎ።

እናቷ ግን የሁለቱን ወሬ ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። «እንጉዳይ ለቃሚ? ዝናብ ካልዘነበ ሥራ የለው! በጋውን በምን ሊያኖርሽ ነው?»

ይህን ለጭቃው ነገረችው። መሳቁን ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲላት «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ቀጭን ፖስታ ይዞ መጣ።

«ይሄን ለእኔ ስትዪ ዛሬውኑ ክፈቺው።»

«ለእናቴም አልከፍት!»

«እኔ እናትሽ አይደለሁማ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ጭቃው!» ፖስታውን እየሳቀች ፍሪዘር ውስጥ አስገባችው። እሱ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ገቡና ዘጋው።

«ሐሙስ ጠዋት መኪናው ይነሳል። ወንዝ ማዶ ወዳለው ጫካ ነው፤ ክረምቱን እዚያው ነን» አላት ጭቃው።

«ዣንጥላህን እንዳትረሳ» አለችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡ። ወንዙ ሞልቶ መኪናውን ወስዶታል። ሹፌሩ ሲተርፍ ጭቃው አልተረፈም።

ሄዳ የፍሪዘሩን እጀታ ያዘች። አልከፈተችውም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ከልቧም ፍሪዘር ናት» ብለው አሟት። እሷ ግን ያልከፈተችው ስለ ሕጉ ብላ አልነበረም። ፖስታው እስካልተከፈተ ድረስ ጭቃው ገና የሚነግራት ነገር ነበረው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከፈተችው። የአመድ መልክ ያላት ትንሽ እንጉዳይ፣ በጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ የብናኝ ሥዕል፣ ከማስታወሻ ደብተሩ የተቀደደ ቁራጭ።

«የቢሮ ሥራ ሰጥተውኛል። አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ጋ ነይ። ካልመጣሽ ይገባኛል።»

ቁራጩን ለአለቃው አሳየቻቸው። አንብበው፣ አጥፈው መለሱላት።

«ልሸኛቸው ወጥቼ ነበር» አሉ። «ሊነሱ ሲሉ ‹አንድ ደቂቃ› እያለ ሦስት ጊዜ አስቆማቸው። በሩን በሩን ያያል። እኛማ ዣንጥላውን የረሳ መስሎን ስንስቅበት ነበር።»

የእንጉዳይዋን ካርድ ሞላች፤ ግንዱን፣ አፈሩን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስም። ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ሕጉ አሁንም በሩ ላይ አለ። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ «ደብዳቤ ያለው በእጅ ይስጥ።» አዳዲስ ሰብሳቢዎች ሲያነቡት ይስቃሉ። እሷም አብራቸው ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ፖስታቸውን ትቀበልና፣ ብርሃን ላይ አንስታ አየት አድርጋ፣ ፍሪዘር ውስጥ ታስገባዋለች።