እኔ የበየድኩት በር

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

አውቃለሁ... የሚያውቁኝ ሰዎች ገና እዚህች ላይ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ። ከባልቲሞር ባሕረ ሰላጤ እኔን የሚያክል ዓሣ አወጣሁ ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ። ቢራ ቤት ውስጥ ሦስት መርከበኛ በአንድ ክርን ዘረርኩ ብያለሁ። እርግጥ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ደግሞ እኔ ሳልደርስበት በራሱ ጊዜ ወድቋል።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም የቀነስኩት አለ።

እንዳትጨነቁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጄ ቪቴክ ከጦርነቱ በሰላም ተመልሷል። እሁድ እሁድ ከእኔና ከእናቱ ጋር ምሳ ይበላል።

አሁን ስሙኝ።

የጦርነቱ የመጨረሻ የብርድ ወራት ነበር። ቦታው ባልቲሞር፣ ወደቡ ዳር ያለ መርከብ መሥሪያ። ሰዓቱ... እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። የምሳ ፊሽካ እንደተነፋ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና።

መርከቧ ታንክና ወታደር ጭና፣ ሆዷን ባሕር ዳር አሸዋ ላይ አሳርፋ፣ አፏን ከፍታ የምታራግፍ ዓይነት ነበረች። ከተሠራችበት ከመሀል አገር በወንዝ ወርዳ፣ ቀለሟ ገና ሳይደርቅ ነው የመጣችልን። ባሕር ኃይሉ ግን ሐሳቡን ለውጦ ነበር። ወታደር የሚያወርዱት ትንንሽ ጀልባዎች በየደሴቱ እየተሰባበሩ ስላስቸገሩ፣ እሷን "ተንሳፋፊ ጋራዥ አድርጓት" አለን።

ታንክ ይቆምበት የነበረው ሆዷ ውስጥ ቶርኖ፣ የአንጥረኛ ምድጃና የአናጺ ጠረጴዛ ይገባል። ላይዋ ላይ ክሬን ይተከላል።

አፏ ደግሞ ላይከፈት ይዘጋል።

የሚዘጋው ማነው? እኔ ነኛ። ኦታ።

ከሁለቱ የውጭ በሮች ኋላ አንድ ወፍራም የብረት ሳንቃ አለ። ሲወርድ ድልድይ ይሆናል፣ ወታደሩ በላዩ እየሮጠ ይወጣል። ሲነሳ ግድግዳ ነው። ዙሪያውን ከውስጥ በኩል እንድበይደው የተሰጠኝ እሱን ነው። በዚያ ወደብ ከእኔ የሚስተካከል በያጅ አልነበረም። "እኔ የዘጋሁትን እግዜር ካልከፈተው ማንም አይከፍተውም" እል ነበር። ቢራ ቤት እላለሁ፣ ትራም ላይ እላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እላለሁ።

ይህችን መርከብ በተመለከተ ግን ጉራ ብቻ አልነበረም። ቪቴክ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ በዚህችው መርከብ ላይ መካኒክ ሆኖ ተመድቧል። ለሰፈሩ ሁሉ "አድሚራሉን ጠርቼ እኔ ነኝ ያስመደብኩት" ብዬ አውርቻለሁ። አድሚራል በሩቁም አይቼ አላውቅም።

ያ በር ውሃ ካሳለፈ ልጄ ባሕር መሀል ይሰምጣል። ቀልዴን ሁሉ ስጨርስ የሚቀረኝ ሐሳብ ይሄ ነበር።

አብራኝ የምትበይደው አርዴላ ትባላለች። ከዌስት ቨርጂኒያ ተራራ የመጣች ቀጭን ሴት ናት፤ ምላሷ ከብየዳ ኤሌክትሮድ ጫፍ ይልቅ ያቃጥላል።

"ኦታ፣ ጫማህን አራግፈህ ግባ እንጂ" አለችኝ አንድ ጠዋት።

"የምን ጫማ?"

ወለሉን በጣቷ አሳየችኝ።

አሸዋ... ከሳንቃው ሥር። ነጭ፣ እርጥብ አሸዋ።

ፎርማኑ ኮርቤት አየና "ቀለም መፋቂያ አሸዋ ነው፣ ጥረጉት" ብሎ አለፈ።

አርዴላ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ነካችው።

"ጨው አለው" አለች ቀስ ብላ። ከመሀሉም የዛጎል ስባሪ አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያቺ መርከብ በዕድሜዋ የባሕር ዳር አሸዋ ረግጣ አታውቅም።

ጠረግነው።

በማግስቱ ስንመጣ እዚያው ነበር...

አሸዋው ይቅር። በዋዜማው የጨረስኩት ብየዳዬ ተሰንጥቆ አደረ። የእኔ ብየዳ። ሳንቃው ከዳር እስከ ዳር ተላቆ ጣት ያስገባል።

ኮርቤት በባትሪ እያበራ አየውና ወደ እኔ ዞረ።

"ብየዳህ አንተን መሰለ ኦታ። አፉን ከፍቶ አደረ።"

"ብርዱ ነው ብረቱን ያኮማተረው።"

"ብርዱ ሌላውን በያጅ አያውቀውም?"

ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ ነበር። ጠርዙ የተጣመመው ወደ ውጭ ነው። ብርድ እንዲህ አያደርግም። አንድ ነገር ከውስጥ ገፍቶታል።

"የብየዳ መርማሪው ነገ ጠዋት ይመጣል" አለ ኮርቤት። "ዛሬ ካልዘጋኸው ሌላ ሰው አመጣለሁ።"

"እንደኔ ያለ?"

"አፉ የሚያንስ።"

ስለዚህ የምሳው ፊሽካ ሲነፋ አልወጣሁም። አርዴላም የቶርኖ ማቆሚያዋን ለመጨረስ ከኋላዬ፣ ከመርከቧ ሆድ መሀል ቀረች። ሌላው ሰው ሁሉ ወጣ። የአየር መጭመቂያ ማሽኖቹ ጠፉ። መዶሻው ዝም አለ። በዚያ ቦታ ዝምታ ሰምቼ ስለማላውቅ ጆሮዬን ያመመኝ መሰለኝ።

ቪቴክ በመሰላሉ ወረደ። የአጃ ዳቦ በጉበት ቋሊማ ይዞ ነው።

"ታቲ፣ እናቴ ሁለት ልካለች። ና ብላ።"

ታቲ ነው የሚለኝ። በቼክ ሰፈራችን አባት እንደዚያ ነው የሚጠራው፣ አፉን ከፈታ ጀምሮ ሌላ ብሎኝ አያውቅም።

"ይሄን ልጨርስና።"

"እሺ፣ እጠብቅሃለሁ።" የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠ። ጓንቱን አውልቆ ዳቦውን ገመጠ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ግማሽ ናት። ልጅ እያለ የአጎቱ ሥጋ ቤት ቋሊማ መፍጫ ወሰዳት። እኔ ለሰው ስናገር ሻርክ ነው የምለው።

"ስምህን ደግሞ ከሥሩ እንዳትጽፍ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል" አለኝ።

"ስሜን ምን ያደርግልሃል፣ ፎቶዬን ነው የምለጥፈው።"

ሳቀ። ያን ሳቁን ያዙልኝ።

ጭንብሌን አወረድኩ።

የብየዳ ጭንብል ሲወርድ ዓለም የለችም። የምታዩት ያቺን ነጭ ነበልባልና የሚቀልጠውን ብረት ብቻ ነው። አንድ ኤሌክትሮድ ጨርሼ ሌላ ልቀይር ጭንብሌን ከፍ አደረግኩ።

የአርዴላ ነበልባል ከኋላዬ ብልጭ ድርግም ይላል። ብርሃኑ ጥላዬን ሳንቃው ላይ ጥሎታል። ከጎኔ የቪቴክ ጥላ አለ፤ ተቀምጦ ያኝካል።

ከእሱ ኋላ ደግሞ... ሌሎች ጥላዎች።

ክብ ክብ የብረት ቆብ። ትከሻ ላይ የታዘለ ጓዝ። ጠመንጃ። ተጨናንቀው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆመዋል።

ዞርኩ።

የአርዴላ ነበልባል ዓይኔን አሳወረኝ። ከብርሃኑ ሥር የሚታየው እሷ ተንበርክካ ብቻ ነው። ቪቴክ ሣጥኑ ላይ ነው።

"ምን ሆንክ ታቲ?"

"ምንም... ብላ።"

ብርሃን ዓይኔን አታሎኝ ነው ብዬ ጭንብሌን መለስኩ። ሁለተኛውን ኤሌክትሮድ ጨረስኩ። ከፍ አደረግኩ።

ጥላዎቹ ቀርበዋል። የአንዱ ቆብ የእኔን ጥላ ትከሻ ይነካል።

የተቀመጠው ጥላ ዳቦውን አስቀመጠ።

ተነሣ።

ሄዶ ከሰልፉ መሀል ቆመ...

ዳግመኛ አልዞርኩም። ለምን ብትሉኝ፣ አልቻልኩም። ጭንብሌን አውርጄ መበየድ ጀመርኩ። መስመሬ አንዲት ክር አልተዛነፈም። ይሄ ጉራ አይደለም፣ አርዴላን ጠይቋት።

ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ። የብዙ ሰው ትንፋሽ። የሆነ ሰው አሳለ። የሆነ ሰው አስመለሰ፣ ባሕር ላይ እንዳዞረው ሰው። ከእግሬ ሥር አሸዋ ተንኮሻኮሸ።

በጆሮዬ አጠገብ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ...

"ታቲ።"

መበየዴን ቀጠልኩ።

"ታቲ... ክፈትልኝ።"

"ቪቴክ፣ በዚህ አትቀልድ" አልኩ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከላይ፣ ከመውጫው አፍ፣ የልጄ ድምፅ ተጣራ።

"አባዬ! ና ውጣ እንጂ፣ እዚህ ፀሐይ አለ!"



ልጄ ላይ ነው። በሰላም ላይ ነው። ታዲያ ከኋላዬ ያለው...

"ታቲ፣ እኔ ነኝ። አትዝጋው" አለ ሹክሹክታው። "እየገፉኝ ነው።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ልጄ ከላይ እየጠራኝ ነው። ይህ ድምፅ ከኋላዬ ያለ የማላውቀው ነገር ነው። በሩ ከተከፈተ መርከቧ ትሰምጣለች። እኔ አባት ነኝ።

ዘጋሁት።

እስከ መጨረሻዋ ስንጥቅ ድረስ ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ብየዳ በይጄ አላውቅም። የመጨረሻዋ ጫፍ ስትገጥም ትንፋሹ ሁሉ ባንዴ ቆመ።

ጭንብሌን አነሳሁ። ማንም የለም። ሣጥኑ ላይ የተገመጠ ዳቦ አለ። ሥሩ እርጥብ አሸዋ።

አርዴላ ጭንብሏን አውልቃ ቆማለች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

"ኦታ" አለችኝ። "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ያለፉት?"

"የት አለፉ?"

"በአጠገቤ። ብዙ እግር ሰማሁ። አንዱ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ... 'ይቅርታ እመቤት' አለኝ።"

ላይ ወጣሁ። ቪቴክ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ጓንቱን አድርጎ።

"ዳቦህን ረስተኸዋል" አልኩት።

"የምን ዳቦ፣ አባዬ?" አለና ሳቀ።

ሳቁ... ደህና ሳቅ ነበር። ምንም አይወጣለትም።

በማግስቱ መርማሪው መጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሳንቃው በውጭ በኩል ኖራ ይቀባል፣ ከውስጥ በኩል ላምባ። የፀጉር ያህል ቀዳዳ ካለ ላምባው ሾልኮ ነጩን ኖራ ያጠቁረዋል። እኔ፣ ኮርቤትና መርማሪው በጀልባ ሆነን፣ በውጭ በሮቹና በሳንቃው መሀል ገባን።

መርማሪው ብየዳዬን ዙሪያውን አየ። አንዲት ነጥብ የለችም።

"ንጹሕ ነው" አለ።

ከዚያ ባትሪውን ወደ ሳንቃው መሀል አዞረ። ብየዳ ወደሌለበት፣ ድፍኑ ብረት ላይ።

"ይሄን ማነው በእጁ የነካካው?"

መዳፍ ነው። ብዙ መዳፍ፣ በደረት ከፍታ፣ ጎን ለጎን። ኮርቤት ኖራውን በጣቱ ፈቅፈቅ አደረገ። ላይኛው ሽፋን ፈዘዝ ያለ ነው፣ ከሥሩ ግን ይበልጥ ይጠቁራል። ጥቁሩ የመጣው ከሥር፣ ከብረቱ በኩል ነው።

"ማንም እዚህ አልገባም" አለ። እሱም በሹክሹክታ።

ከመሀል አንዱ የግራ እጅ ነው። ትንሿ ጣት ግማሽ ናት።

መርማሪው ሳያየኝ በክንዴ ጠረግኩት።

ማታ ለሚስቴ ለቦዜና ብቻ ነገርኳት። ሌላ ጊዜ "ሂድ ወዲያ፣ ደግሞ ጀመረህ" ትለኛለች። ያን ማታ ተነሥታ ሻማ አበራች።

መርከቧ የወጣችው ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ቪቴክ ቤት ብቅ ሲል፣ ምድጃው አጠገብ እንኳ ጓንቱን አያወልቅም። "በርዶኛል አባዬ" ይላል።

የሸኘነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቦዜና አጠገቤ ቆማ መሐረቧን ታወዛውዛለች። ቪቴክ ከመርከቧ ጠርዝ ላይ አየን። ፈገግ አለ። ጓንቱን አወለቀና ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ዘረጋልን።

አምስቱም ጣቶች አሉ።

ትንሿም... ሙሉ፣ ቀጥ ያለች።

የቦዜና መሐረብ አየር ላይ ቆመ።

መርከቧ ቀስ ብላ ዞረች። የተዘጋው አፏ በፊታችን አለፈ። ከሁለቱ በሮች ሥር ነጭ እርጥብ አሸዋ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ወደ ውሃው ይፈስ ነበር።

"ኦታ..." አለችኝ ቦዜና፣ ዓይኗን ከዚያ ሳትነቅል። "አንተ የዘጋኸውን... የሚከፍት ሰው አለ?"